ከጣራ ገዳም ሥር፦ ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጀምሮ በርብና በጉማራ ወንዞች ግራና ቀኝ የተዘረጋ ለም መሬት ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በጋ በመስኖ ይለማል። በስተሰሜን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ የጣራ ገዳም ደን ከነገዳሙ ይገኛል። የሜዳው ዋና ከተማ ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር አስፋልት በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ከሚዘልቀው መንገድ ጋር የሚጋጠምባት ናት። የዚህ አገር ገበሬ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ስልክ ከማያውቅበት ዘመን ገንዘቡን በስልክ ወደሚያስቀምጥበት ዘመን ተሻግሯል። በዚህ ሽግግር ውስጥ በበቂ ያልተነገረለት ጉዳይ አለ፤ አዲሱ መንገድ ሲከፈት አሮጌው ይዘጋል፣ አዲሱም በሌላ አካል ትእዛዝ በተቋረጠ ቀን ሕዝቡ መሄጃ ያጣል።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ዐፄ ምኒልክ ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘውን 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሲያስዘረጉ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ዓመት ያህል ስልክ የቤተ መንግሥት፣ የመሥሪያ ቤትና የከተማ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም ጀመሩ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም ተቋቁሞ እስከ 2013 ዓ.ም ድረስ ብቸኛው ባለፈቃድ ነበር፤ ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም ፈቃድ ያገኘው በዚያው ዓመት ሲሆን አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው በ2015 ዓ.ም መግቢያ ላይ ነው። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ78 ሚሊዮን፣ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ የቴሌብር ተጠቃሚዎች ከ47 ሚሊዮን አልፈው ነበር።

ሰው በዕለት ንግግሩ «ኔትወርክ አለ» ወይም «ኔትወርክ የለም» ይበል እንጂ፣ ከታች ያለው ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ነው። ድምፅና አጭር መልእክት የሚሄዱት በአሮጌውና ሰፊ ቦታ በሚሸፍነው የሞባይል አገልግሎት ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ኮከብና መሰላል መትቶ የሚጠቀምበት የቴሌብር *127# አገልግሎትም በዚሁ ይሠራል፤ ዳታ አይፈልግም። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና የባንክ መተግበሪያ ግን ዳታ ይሻሉ። ሁለቱም በአንድ ታወር ላይ ቢንጠለጠሉም አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ማቆየት ይቻላል። ታወሩ ራሱ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ ይጠጣል። በሜዳው ላይ መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ኔትወርክም ተከትሎት የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ስልኩ ለገበሬው ያመጣው ጥቅም በገበያው ላይ ይታያል። የሜዳው ሁለት ሀብቶች ሩዝና ቀይ ሽንኩርት ናቸው። ሩዝ በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ገብቶ፣ «ኤክስ ጅግና» በተባለው ዝርያ ተስፋፍቶ የአካባቢው መታወቂያ ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተተክሏል። ሩዝ ጎተራ ገብቶ ዋጋ ይጠብቃል። ሽንኩርት አይጠብቅም። ከመሬት ከወጣ በኋላ በቀናት ውስጥ ካልተሸጠ ይበቅላል ወይም ይበሰብሳል። ስለዚህ የሽንኩርት ገበሬ የባሕር ዳርንና የጎንደርን የዕለት ዋጋ ሳይሰማ መንቀል አይፈልግም፤ ዋጋውን ደግሞ የሚሰማው በስልክ ነው። ዋጋ ማወቅ ብቻውን ግን ዋጋ አያስገኝም። መኪናው የነጋዴው፣ ገዢውን የሚያውቀው ደላላው ነው። ደላላውም ስልክ አለው፤ ብዙ ከተማ ስለሚደውል ከገበሬው ቀድሞ ያውቃል። ሁሉም በአንድ ወቅት ተክሎ በአንድ ሳምንት ሲነቅል ዋጋው ሲወድቅ ስልኩ የሚያደርሰው መርዶውን ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የመረጃ ሥራ በተራ ስልክ የተሠራው ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም ማብቂያ የከፈተው 8028 ገበሬው በነፃ ደውሎ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ በሽታ በራሱ ቋንቋ የተቀዳ ምክር የሚሰማበት መስመር ነው። ማንበብ አይጠይቅም፣ ዳታ አይጠይቅም፣ ስማርት ስልክም አይጠይቅም። ከዚህ ወዲህ በገጠር ለተሠሩ የቴክኖሎጂ ሥራዎች ሁሉ መለኪያ ሊሆን የሚገባው ይህ ነው።

ነገሩ መልኩን የለወጠው አገልግሎቱ ግዴታ ሲሆን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሲጀመር ምርጫ ነበር፤ ገንዘብ መላክ የፈለገ ይልካል፣ ያልፈለገ ባንክ ይሄዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ግን ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀርቶ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ብዙም ሳይቆይ በመላ አገሪቱ። የፎገራ መስኖ በአብዛኛው የሚሠራው ከርብና ከጉማራ ውኃ በሚስቡ የውኃ ሞተሮች ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ነዳጁ ቴሌብር ይፈልጋል፣ ቴሌብር ኔትወርክ ይፈልጋል። የሽንኩርቱ መደብ ውኃ የሚጠማበት ቀን ግን ኔትወርክ እስኪመለስ አይጠብቅም። ከዚህ በላይ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቶ ለባንክና ለመንግሥት አገልግሎት እየተጠየቀ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር ይሰጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። የነዳጅ ክፍያው ኮንትሮባንድን ለመቆጣጠር፣ የኮምፒውተር ፈተናው በግንቦት 2008 ዓ.ም በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናን እንዳሰረዘው ዓይነት ስርቆትን ለማስቀረት ነው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ገመድ ላይ መታሰራቸውና ገመዱ በተበጠሰ ቀን ምን እንደሚደረግ የሚናገር ደንብ አብሯቸው አለመምጣቱ ነው።

ገመዱ ደግሞ ይበጠሳል። በሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በተገደሉበት ጊዜ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለቀናት ጠፋ። በሰኔ 2012 ዓ.ም ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘጋ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም ማብቂያ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲጀመር ትግራይ ከስልክም፣ ከባንክም፣ ከኢንተርኔትም ተቆረጠች፤ በብዙ ቦታ ያ ሁኔታ ሁለት ዓመት ያህል ዘለቀ። በየካቲት 2015 ዓ.ም፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሲኖዶስ ጉዳይ በታወከችበት ጊዜ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ።

እገዳው በሐምሌ 2015 ዓ.ም በተነሣ በሳምንታት ውስጥ ፎገራ የሚገኝበት የአማራ ክልል ተራ ደረሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በትልልቆቹ ከተሞች እንኳ መመለስ የጀመረው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ ይሁን ከተባለ ሦስት ወር ገደማ ብቻ ሆኖት ነበር። ያው መንግሥት በአንድ እጁ ሕዝቡን ወደ መስመሩ ካስገባ በኋላ በሌላው እጁ መስመሩን ዘጋ ማለት ነው። የጸጥታ ምክንያት ይቀርብ ይሆናል፤ ነገር ግን መዘጋቱ ታጣቂውንና ሽንኩርት ሻጩን አይለይም። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው የራሱን ገንዘብ ለመውሰድ ሌላ ቀን ይመጣል፤ ያ ሌላ ቀን መንገዱ ክፍት ስለመሆኑ ደግሞ ዋስትና የለም። ውጭ አገር ያለ ልጅ በቴሌግራም ይላክለት የነበረውን የእናቱን ድምፅ ያጣል፤ መስመሩ ሲሠራ በውድ ዋጋ በቀጥታ ይደውላል፣ ካልሠራም ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ይጠይቃል። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ የሚጠባበቀው ማስታወቂያ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይደርሰዋል። ወሬ ግን አይቆምም፤ የተቋረጠው የሚጣራበት መንገድ ብቻ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ሐሰተኛ ወሬ በአፍ ይሄዳል፣ ፎቶ አምጣ የሚለው ሰውም አይኖርም።

ይህን ያህል ስለ መዝጋት የተነገረው፣ ኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ሳለ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማሳነስ አይደለም። ከወረታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቅርብ በሆነችው ባሕር ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ ከግድያው በፊት በፌስቡክ ላይ ስማቸው፣ ፎቷቸውና የሚኖሩበት አካባቢ ከክስ ቃል ጋር ተለጥፎ ነበር፤ ቤተሰቡ ጽሑፉ እንዲወርድ ለኩባንያው ቢያመለክትም በጊዜው አልወረደም። ክሱ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም በናይሮቢ የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ላይ ተመሠረተ። በመጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ከተገደሉት ብዙዎች የአንዱ ጉዳይ በዓለም ትልቁን የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ፍርድ ቤት አቁሟል፤ ይህን ጉዳይ በአትኩሮት መከታተል ለኢትዮጵያውያን ይገባል።

የክሱ ልብ አሠራሩ ነው። ፌስቡክ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ሰዎች አስተያየት የሚጽፉበትንና የሚያጋሩትን ጽሑፍ ወደ ላይ የሚያወጣ ስልተ ቀመር (አልጎሪዝም) ተከትሏል። ሰው ከሁሉ ይልቅ አስተያየት የሚጽፈው በተቆጣበት ነገር ላይ ነው፤ ስለዚህ ቁጣ ወደ ላይ ይወጣል። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ዓ.ም በአሜሪካ ሴኔት ፊት ይህንኑ ከኢትዮጵያ ጋር አያይዛ መስክራለች። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚጻፈውን የሚያውቅ በቂ ሰው በሌለበት፣ የጥላቻ ቃል በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ሊያዝ የሚችለውን ያህል በአማርኛ አይያዝም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185ን አውጥታለች፤ አዋጁ ግን ጸሐፊውን ይቀጣል እንጂ ጽሑፉን ወደ ላይ የሚያወጣውን ስልተ ቀመር መንካት የሚችልበት አቅም የለውም።

ወደ ጣራ ገዳም ስንመለስ፣ ስልክ እዚያ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ገዳም ማለት ከዓለም ወሬ መራቅ ነው፤ ፎገራና ጣራ ገዳም ያሉበት የደቡብ ጎንደር ዞን ደግሞ በዚህ መራቅ ላይ የቆመ ትምህርት አለው። የድጓ ዜማ የሚሰጥበት ቤተ ልሔምና የዝማሬና መዋሥዕት ዜማ የሚሰጥበት ዙር አምባ በዚሁ ዞን ናቸው። የአብነት ተማሪ ከመምህሩ አፍ ቃል በቃል ተቀብሎ፣ ሌሊት ደጋግሞ፣ ጠዋት አስመስክሮ ነው የሚያልፈው። ዛሬ ዜማው በስልክ ተቀድቶ ይገኛል፤ ተማሪ የሳተውን ደጋግሞ ይሰማበታል፣ ሩቅ አገር ያለ ምእመንም ቅዳሴ ይከታተልበታል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ያው ስልክ ግን በየደቂቃው የሚጠራ ነገር ይዟል። ዓመታት የሚጠይቀው ድጓ የሚጠፋው ቀረጻ ስለጠፋ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ለመስማት የሚበቃ ትዕግሥት በልጅነት ካልተሠራ ቀረጻው ሞልቶም ተማሪ አይገኝም። የቲክቶክ አጭር ምስል ከሚያለማምደው ትኩረት ጋር የአብነት ትምህርት ቤት የሚያደርገው ትግል በከተማ ትምህርት ቤቶች ከሚታየው የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ እዚህ ጎልቶ መታየቱ ብቻ ነው። የከተማ ወላጅም ልጁ በስልክ ላይ የሚያሳልፈውን ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ፣ ያለ ስልክ ለምን ያህል ጊዜ በአንድ ነገር ላይ መቆየት እንደሚችል ቢያይ ይሻለዋል።

አሁን የሚመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አማርኛ በኮምፒውተር ላይ በሥርዓት የተጻፈው ፊደላችን በ1990ዎቹ መግቢያ በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው፤ ጉግል የአማርኛ ትርጉምን የጀመረው ደግሞ በየካቲት 2008 ዓ.ም ነው። አሁን አማርኛን የሚሰሙና የሚመልሱ መሣሪያዎች መጥተዋል። ለሩዝ ገበሬው ሊጠቅሙት ይችላሉ፤ የቅጠሉን ፎቶ አንሥቶ በሽታውን መጠየቅ፣ መልሱን በድምፅ መስማት። መሣሪያው የሚያውቀው ግን የተማረውን ነው። የፎገራ ገበሬ በቃሉ የሚያውቀው፣ ማለትም ውኃ ስንት ቀን ሲተኛ ምን እንደሚሆን፣ የትኛው ማሳ ቶሎ እንደሚደርስ፣ በጽሑፍ የለም። የባለሙያ ምክር ከወረታው ምርምር ማዕከል ካልገባበት፣ ማሽኑ ስለ እስያ ሩዝ የተማረውን ለፎገራ በልበ ሙሉነት ይናገራል። ይኸው ችሎታ የሰውን ድምፅ አስመስሎ መናገርም ይችላል፤ ዘመድ መስሎ በቴሌብር ገንዘብ ላክልኝ የሚል ጥሪ ለመሥራት ብዙ አይቀርም። ድምፅ ሰምቶ የሚያምን ሕብረተሰብ ከዚህ የሚጠበቀው ዘመድ ሲጠይቅ መልሶ ደውሎ በማረጋገጥ ልማድ ነው፤ ይህን ማስተማር ከማንኛውም ሥልጠና መቅደም አለበት።

ሕጉ በበኩሉ መንቀሳቀስ ጀምሯል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ እሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ ስሕተት ካለበት የማስተካከልና አላግባብ ከተያዘ የመቃወም መብት ሰጥቶታል፤ አፈጻጸሙን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲቆጣጠር ተደርጓል። የቀረው ሥራ ተግባራዊ ነው፤ ነዳጅ፣ ባንክ፣ መታወቂያና ፈተና በኔትወርክ ላይ ሲታሰሩ፣ እያንዳንዳቸው ኔትወርክ በጠፋ ቀን የሚሠራ የወረቀት መንገድ እንዲኖራቸው ማድረግ፣ እንዲሁም የቴሌኮም አገልግሎት በትእዛዝ የሚቋረጥበት ሁኔታና የሚቆይበት ጊዜ በሕግ ተወስኖ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ እንዲሆን ማድረግ። ይህ እስኪሆን ድረስ የወረታ ነዳጅ ማደያ በጥሬ ገንዘብ እንዲሸጥ የሚፈቀድበትን ሁኔታ የሚወስነው ሰው በአዲስ አበባ ይቆያል።