ብቻውን የሚነግድ ለደንበኛው ያስባልን?

በደባርቅ ገበያ ጨው የሚሸጠው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሚዛኑ ቢጐድልም ዋጋው ቢወደድም ከእርሱ ከመግዛት በቀር ምርጫ አይኖረንም ነበር። እንዲህ ያለውን ነጋዴ ለደንበኛው አዲስ ነገር እንዲያመጣ ምን ያተጋዋል? ይህን ጥያቄ በእጃችን በያዝነው ስልክ እንመርምረው።

በአገራችን እስከ 2015 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ የስልክ አገልግሎት የሚሰጠው የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ይህን ሥራ ለሌሎች ባለሀብቶች እንደሚከፍት አስታወቀ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ጥሪን ዋጋ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ቀነሰ። ቴሌብርም ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሳፋሪኮም የተመረጠውም በዚያው ወር ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ፤ በነሐሴም ኤምፔሳን አመጣ። የጊዜው መገጣጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም የተፎካካሪ ኮቴ ሲሰማ ባለ ሱቅ ሁሉ ሱቁን እንደሚያሰናዳ እናውቃለን።

በውጭው ዓለምም የኮምፒውተር ጨዋታ በመሸጥ የታወቀ ስቲም የሚባል የአሜሪካ መደብር አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውስትራሊያ የሸማቾች ኮሚሽን ገንዘብ ስለ መመለስ ጉዳይ ከሰሰው። በ2015 መደብሩ፣ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ለሚመለስና ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱበት ጨዋታ ገንዘብ መመለስ ጀመረ። በሌላ በኩል ግን በ2022 ስቲም ዴክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ያወጣው ሕግ ሳያስገድደው ነው። እንግዲህ ትልቅ መሆን ብቻውን ሰነፍ አያደርግም፤ የሚያሰንፈው ደንበኛው የሚሄድበት ሌላ በር ማጣቱ ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከገጠር መጥተን በደባርቅና በዳባት ቤት ተከራይተን የምንማር ብዙዎች ነን። ቀድሞ የኪራዩን ገንዘብ ወላጅ ከስንቅ ጋር ተሸክሞ ያመጣ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ይደርሰናል። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ የሚሰማው የአንድ ድርጅት መስመር ብቻ ከሆነ፣ ለዚያ ቀበሌ ገበሬ ውድድሩ ገና አልመጣለትም ማለት ነው።

«አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም» ይባላል። ስለዚህ ወላጆቻችንና ጓደኞቻችን ሆይ፣ የተሰጠንን አዲስ ነገር በምስጋና እየተቀበልን፣ ሌላው በር ለገጠሩም እንዲከፈት መጠየቅ ይገባናል።