ለምድጃ ያልበጀ ከሰል ለእርሻ እንዲበጅ

መሬት እንደ ላም ናት፤ ቀለቧን ያላገኘች እንደ ሆነ ወተቷ ይነጥፋል። ገበሬ ከማሳው እህል አጭዶ በወሰደ ቁጥር የአፈሩን ምግብ አብሮ ይወስዳልና፣ የተወሰደውን በፍግ ወይም በማዳበሪያ ካልመለሰ ምርቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል። ይህ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ለእሳት እንኳ የማይመረጠው ቡናማው የድንጋይ ከሰል ለዚህ ሥራ ረዳት ሊሆን መቻሉን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ሊግናይት የተባለው ይህ ከሰል በጥንት ዘመን በረግረግ ውስጥ ወድቆ የተቀበረ ዕፅና ቅጠል ነው። ወደ ጠንካራው ጥቁር ከሰል ደረጃ ገና ስላልደረሰ ውሃው ብዙ፣ ሙቀቱም ጥቂት ነው። በአውስትራልያ በላትሮብ ሸለቆ የሚቆፈረው አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ እኩሌታ በላይ ውሃ ነው። ዳሩ ግን ከበሰበሰ ቅጠል የሚገኘው፣ ሁሚክ አሲድ የተባለው ጥቁር ነገር በውስጡ በብዛት አለ። ይህንም ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፍራንስ ካርል አካርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1786 ዓ.ም. ከረግረግ አፈር ለይቶ አውጥቶታል። በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ደግሞ ከገጸ ምድር አጠገብ ሆኖ አየር የለወጠው ሊግናይት በዚህ አሲድ እጅግ የበለጸገ ነው፤ የዚያን ግዛት ምድር በመረመረው በአርተር ግሬይ ሌኦናርድ ስም ሊዮናርዳይት ተብሏል።

የሥራውም ነገር እንዲህ ነው። ሁሚክ አሲድ አሞንየምን፣ ፖታሲየምንና ካልሲየምን የመሳሰሉትን የተክል ምግቦች ይዞ ዝናም ጠርጎ እንዳይወስዳቸው ያግዳል፤ ለሥሩም ቀስ በቀስ ይለቅለታል። አሸዋማው አፈርም ውሃ እንዲይዝ ይረዳዋል። በ2014 የብዙ ሙከራዎችን ውጤት ያነጻጸሩ ሊቃውንት፣ ይህ የተጨመረለት ተክል ግንዱና ቅጠሉ በደረቅ ክብደት በአማካይ ከመቶ 22፣ ሥሩም ከመቶ 21 ያህል እንደ ጨመረ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ውጤቱ እንደ ተክሉ፣ እንደ አበቃቀሉና እንደ አሲዱ ምንጭ ይለያያል።

ከሁሉ ይልቅ ለገበሬ ትምህርት የሚሆነው በአውስትራልያ በከብት ማድለቢያ የተደረገው ሙከራ ነው። በ2015 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ሊግናይት በከብቶቹ መዋያ ላይ በተነሰነሰ ጊዜ ከእበቱና ከሽንቱ ወደ አየር የሚተነው አሞኒያ ከመቶ 66 ያህል ቀነሰ። ይህም ማለት በአየር ይጠፋ የነበረው ናይትሮጅን በፍጉ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

በኢትዮጵያም በጭልጋ፣ በያዩና በደልቢ ሞዬ የድንጋይ ከሰል ይገኛል፤ ደረጃውም ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን በብዙው ደጋ አገር ነገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ ለመሬት ሊሰጥ የሚገባው እበት ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳልና። ከሰሉ የፍግ ዘበኛ እንጂ ራሱ ፍግ አይደለም፤ የሚሰጠው ናይትሮጅንና ፎስፎር ጥቂት ነው። ጎተራው ባዶ ከሆነ ዘበኛው ምን ይጠብቃል? ስለዚህ አስቀድሞ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ተተክሎ እበቱ ወደ ማሳው እንዲመለስ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄም አይጓደል። ሊግናይት ራሱ ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ ስለ ሆነ፣ አፈሩ በኮመጠጠበት አገር የኖራን ስፍራ አይተካም። ድኝና መርዛም ብረታ ብረት ያለበትም ይኖራል፤ ስለዚህ የየስፍራው ከሰል በቤተ ሙከራ ሳይመረመርና በትንሽ መደብ ሳይፈተን በሰፊ ማሳ ላይ ሊበተን አይገባም። በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጠውንም ቢሆን፣ ገበሬው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የእርሻ ባለሙያዎች በገዛ አፈሩ ላይ ፈትነው ሊያሳዩት ይገባል።

የተናቀ ነገር ሥራውን ሲያገኝ ይከብራል። የተናቀውን ከሰል ሊያከብረው የሚችለው ግን አስቀድሞ እበቱን ከእሳት ያዳነ ገበሬ ነው።