«የትኛውን አምፕ ልግዛ?»

ክፍት ጀርባ ሄድፎን ይዞ ወደ ድምፅ ዕቃ ጥገና ቤት የሚመጣ ሰው ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አይዘልም፦ «ቤዝ የለውም»፣ «ጆሮ ይወጋል»፣ «አይጮህም»። ቅሬታው የትኛውም ቢሆን ግን መጨረሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የትኛውን አምፕ ልግዛ?»

አዲስ አበባ ውስጥ የድምፅ ዕቃ ሲጠግን የኖረ ባለሙያ እነዚህን ቅሬታዎች አይንቃቸውም። ደንበኛው ሰማሁ ያለውን በእርግጥ ሰምቷል፤ ጆሮው አልዋሸውም። የሚሳሳተው ለሰማው ነገር ምክንያት ሲሰጥ ነው። ሁሉንም ጥፋት ባልገዛው ማጉያ (አምፕ) ላይ ይጭናል። ስለዚህ የባለሙያው ሥራ መሸጥ ወይም መበየድ ከመሆኑ በፊት ቅሬታውን ከእውነተኛው ምክንያት ጋር ማገናኘት ነው።

ክፍት ጀርባ የሚባለው ሄድፎን ከድራይቨሩ (ድምፁን ከሚያወጣው ክፍል) ኋላ ያለው ሽፋን ወንፊት ብቻ የሆነ ነው። ድምፁ ወደ ጆሮ የሚገባውን ያህል ወደ ውጭም ይወጣል፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ዘፈኑን አብሮ ይሰማል። የጀርመኑ ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414 የተባለውን የመጀመሪያውን ክፍት ሄድፎን ለገበያ አቀረበ፤ ይህ ሞዴል ዛሬ ድረስ የሚታወቀው በቢጫ ስፖንጁ ነው። አሁን በመካከለኛው ዋጋ ላይ የሚፎካከሩት የዚያ ተከታዮች ናቸው፤ በ1997 የወጣው ኤችዲ 600፣ በ2003 የተከተለው ኤችዲ 650፣ ከ2016 ወዲህ በ200 ዶላር ገደማ ሲሸጥ የቆየው ወንድሙ ኤችዲ 6ኤክስኤክስ፣ የቤየርዳይናሚኩ ዲቲ 990፣ የኤኬጂው ኬ702፣ በ2018 የመጣው የሃይፋይማን ሰንዳራ።

የባለቤቶቹ አስተያየት በሚገርም ሁኔታ ይመሳሰላል። ኤችዲ 650 የያዘ ሰው «ድምፃዊው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ነው የሚዘፍነው» ይላል፤ ቀጥሎ ግን የድምፁ መድረክ ጠበብ ማለቱን ያነሳል። ኬ702 ያለው ስለ ስፋቱ አውርቶ አይጠግብም፤ ቤዙ ቀጭን መሆኑንና የራስ ማሰሪያው እብጠቶች አናቱን እንደሚጫኑት ግን አይደብቅም። ሰንዳራ የገዛ «ፈጣን ነው፣ ቤዙ ጥልቅ ነው፣ ግን አይወፍርም» ይላል። የዲቲ 990 ባለቤት ደግሞ የድምፃዊውን «ሰ» እና «ጸ» እንደ መርፌ ይቆጥረዋል።

ይህ የመጨረሻው ቅሬታ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ዲቲ 990 በ8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ከፍ ያለ ጉብታ አለው፤ የተሠራው እንዲያ ሆኖ ነው። የ100 ዶላሩም የ1 ሺህ ዶላሩም ጤነኛ ማጉያ ያንን ጉብታ እንዳለ ያጎላዋል። ስልክና ኮምፒውተር ላይ በነፃ የሚገኝ ኢኳላይዘር ከፍቶ እዚያው ቦታ ላይ ጥቂት ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ግን በደቂቃ ውስጥ ለውጡን ያሰማል። «ቤዝ የለውም» የሚለውም ከዚሁ አይርቅም። ክፍት ሆነው በተለመደው ድራይቨር የተሠሩ ሄድፎኖች ከ60 እስከ 80 ኸርዝ ካለው በታች ድምፃቸው እየሳሳ ይሄዳል፤ የጆሮ ትራሱ ሲያረጅና ሲጠፈጠፍ፣ ወይም የመነጽር እጀታ ከፊቱ ሲያርቀው ደግሞ ይብስበታል። ባለሙያው ኤችዲ 600 እና 650 ሲገቡለት ደስ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ትራሱም ገመዱም በእጅ ይወልቃል፣ መለዋወጫው ከብዙ ዓመት በኋላም ይገኛል።

«አይጮህም» ሲባል ግን ነገሩ ይለያል። እዚህ ላይ ማጉያ እውነተኛ ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ ለመወሰን ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) እና በተሰጠው ቮልቴጅ ወይም ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ። ኤችዲ 650 ኢምፒዳንሱ 300 ኦም ነው፤ በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል እንደሚሰጥ ፋብሪካው ይገልጻል። ሰንዳራ 37 ኦም ነው፤ በ1 ሚሊዋት 94 ዴሲቤል ይሰጣል። ሁለቱም በሙዚቃው ከፍተኛ ቅጽበት 110 ዴሲቤል እንዲደርሱ ቢፈለግ ኤችዲ 650 ወደ 2.2 ቮልት ይጠይቃል፤ የሚስበው ከረንት ግን ከ8 ሚሊአምፒር አይበልጥም። ሰንዳራ በ1.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከረንቱ ግን ወደ 33 ሚሊአምፒር ያድጋል። አንዱ ቮልቴጅ ይሻል፣ ሌላው ከረንት። «ይህ ሄድፎን ለማሠራት ከባድ ነው» የሚለው የገበያ ወሬ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

የአፕል ባለ 9 ዶላሯ ዩኤስቢ-ሲ አዳፕተር ወደ 1 ቮልት ታወጣለች፤ ለአውሮፓ ገበያ የምትሸጠው ግን ግማሹን ብቻ። ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ አንዱ ዘመዱ ከዋሽንግተን ሲልክለት «ይበቃኛል» የሚለው፣ ሌላው ከፍራንክፈርት ያመጣውን ይዞ «ተበላሽቷል» የሚለው ስለ አንድ ዓይነት ኤችዲ 650 ነው። ዲቲ 990 ሲገዛም በስሙ ብቻ መሄድ አይበቃም፤ በአንድ ስም 32፣ 80፣ 250 እና 600 ኦም ሆኖ ተሠርቷል።

ማጉያ የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ነገር ማየት አለበት፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን። በአሜሪካ ከ99 ዶላር ጀምረው የወጡት የሺት ማግኒና የጄዲኤስ ላብስ አቶም በዋጋቸው የተመሰገኑ ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት ትራንስፎርመር ባለው አዳፕተር ነው፤ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ 120 ቮልት ብቻ ይቀበላል። ከዳያስፖራ በሻንጣ የመጣ ማጉያ አዲስ አበባ ላይ 220 ቮልት ሲሰካበት መጀመሪያ የሚቃጠለው ያ አዳፕተር ነው። ማጉያው ራሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ትክክለኛውን የኤሲ ቮልቴጅ የሚያወጣ የ220 ቮልት ትራንስፎርመር ፈልጎ ማግኘት ግን ከማጉያው ዋጋ በላይ ያደክማል። በዩኤስቢ የሚሠሩት ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው።

አንድ ወጣት ደንበኛ ኤችዲ 6ኤክስኤክሱንና ማጉያውን ይዞ መጣ። «ኢንጂነር፣ አምፑ ሳይቃጠል አልቀረም። ቤዝ ሲመጣ በግራ በኩል ይንጫጫል።»

ባለሙያው ማጉያውን አልከፈተም። ግራና ቀኙን ቀያይሮ ሰካ፤ ንጭንጩ ከሄድፎኑ ጋር እንጂ ከማጉያው ጋር አልዞረም። ከስልኩ ላይ ከ20 እስከ 100 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ አጫወተ፤ 50 ኸርዝ ገደማ ሲደርስ ግራው ተንዘረዘረ። ትራሱን በጣቱ ስቦ አወለቀ፣ ስስ ስፖንጁን አነሳ። በመብራት ሥር አዘንብሎ ሲያየው አንዲት አጭር ፀጉር በድራይቨሩ ቀዳዳ ገብታ ጫፏ ዲያፍራሙን (የሚንቀጠቀጠውን ስስ ሽፋን) ትነካለች። ዲያፍራሙ በቤዝ ጊዜ ብዙ ስለሚንቀሳቀስ የሚንጫጨውም ያኔ ነው። በወረንጦ ሳብ ሲያደርጋት አለቀ። ክፍት ሄድፎን አየር እንደሚያስገባ ሁሉ ፀጉርም ያስገባል፤ ችግሩ በዲቲ 990ም ላይ የተለመደ ነው። ልጁ ግን ለአዲስ ማጉያ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሮ ነበር።

ሁለት ማጉያ ለማወዳደር የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ባለሙያው መጀመሪያ መልቲሜትር ያነሳል። አንድ ወጥ ድምፅ እያጫወተ የሁለቱን መውጫ ቮልቴጅ እኩል ያደርጋል። ጆሮ ትንሽ ጎላ ያለውን «የጠራ»፣ «የሰፋ» እያለ ይመርጣልና ያለዚህ ማወዳደሩ ከንቱ ነው። ለማዳመጫ የሚመርጠው በእጁ ያሉትን ነው፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከኢትዮጲክስ ተከታታይ 21ኛው አልበም፣ የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ከ4ኛው። ፒያኖ ብቻውን ሲሆን የቴፑ ሽውታ በግልጽ ይሰማል፤ ማጉያው የራሱን ጉምጉምታ ከጨመረበትም ያስታውቃል። ቮልቴጁ እኩል ከሆነ በኋላ ብዙ ደንበኛ የትኛው ማጉያ እንደሚጫወት መለየት ያቅተዋል። በዚያው አጋጣሚ ባለሙያው አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፣ 90 ሲደርስ ሰዓቱ ወደ 4 ይወርዳል። ክፍት ሄድፎን የመንገድ ጫጫታ ስለማይከለክል ታክሲ ውስጥ የሚያዳምጥበት ሰው ሳያውቀው ቮልዩሙን ይጨምራል።

አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ደንበኛ ግን ልዩነቱ አልጠፋቸውም። ኤችዲ 650ውን በቲዩብ ማጉያ ሲያዳምጡ «ይሞቃል፣ ይወፍራል» ይላሉ። ባለሙያው ማጉያቸውን ለካው፤ የመውጫ ኢምፒዳንሱ 120 ኦም ነው። የኤችዲ 650 ኢምፒዳንስ ደግሞ በሁሉም ድምፅ ላይ 300 ሆኖ አይቆምም፤ በ100 ኸርዝ አቅራቢያ ወደ 500 ኦም ይወጣል። ኢምፒዳንሱ ከፍ ባለበት ሄድፎኑ ከቮልቴጁ የበለጠ ድርሻ ያገኛል፤ ሲሰላ እዚያ አካባቢ ቤዙ በ1 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ይላል።

«እንግዲህ ጋሼ፣ የሰሙት አለ፤ 1 ዴሲቤል ነው» አላቸው ወረቀቱን እያሳየ። «በኢኳላይዘርም ማምጣት ይቻላል፣ ያለ ምንም ወጪ።»

«ይሁን የእኔ ልጅ» አሉ ሰውየው። «እኔ ግን ማታ ማታ ያችን ቲዩብ አብርቼ መቀመጥ ነው የምወደው፤ ኢኳላይዘርህ አይበራም።» ባለሙያው በዚህ አልተከራከረም።

ከወራት በኋላ ልጃቸው ሰንዳራ ላከላቸውና በዚያው ማጉያ ሰኩት። ድምፁ በጣም አነሰ፣ ቮልዩሙን ቢያዞሩት ተሰነጣጠቀ። 37 ኦም ከ120 ኦም ጀርባ ሲቀመጥ ከቮልቴጁ ሩብ እንኳ አይደርሰውም፤ 12 ዴሲቤል ገደማ እዚያው ማጉያው ውስጥ ይቀራል፤ ቲዩቡም ሰንዳራ የሚፈልገውን ከረንት መስጠት አይችልም። የሰንዳራ ኢምፒዳንስ ከቤዝ እስከ ትሬብል ያው ስለሆነ የሚወዱት ሙቀትም አልመጣም። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ያለ ማመንታት ማጉያ እንዲገዙ መከራቸው፦ የመውጫ ኢምፒዳንሱ ከ4 ኦም ያልበለጠ፣ ተራ ባለ ትራንዚስተር፣ በዩኤስቢ የሚሠራ። ቲዩቡ ከኤችዲ 650 ጋር እንደተሰካ ቀረ።