የቀለለው ቅጂ

ከብቸናና ከሞጣ ጤና ጣቢያዎች በየወሩ የሚወጣው ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ 2 መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ የሚታመን ሥራ ነው። ስለ አጀማመሩ ይህ ይበቃል።

የሚያስቆጨኝ ሰው በከንቱ ሲጠረጥረው ነው። ዋናው ሰርቨር 40 ጊጋባይት ይዞ መጠባበቂያው 26 ሲሆን «ዳታ ጠፋ!» ይባላል። አንድ ወጣት ባለሙያ በዚሁ ድንጋጤ ደውሎልኝ «ጋሼ፣ ግማሹ የለም» አለኝ። «ሌላውን ተወውና መጀመሪያ ረድፎቹን ቁጠር» አልኩት። ቆጠረ፤ እኩል ሆኑ።

ፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲታረም በላዩ ላይ አይጽፍም። አዲሱን ሌላ ቦታ ይጽፍና አሮጌውን እዚያው ይተወዋል። የካርድ ክፍል ሠራተኛ መዝገብ ላይ ስትሳሳት መስመሩን ሰርዛ ከታች እንደምትጽፈው ማለት ነው፤ መዝገቡ በአዲስ ሲገለበጥ የተሰረዘው አብሮ አይገለበጥም። ረድፍ በረድፍ ከተቀዳ ባክአፕ የተመለሰ ቅጂም የሚቀለው ለዚህ ነው። አውቶቫኪውም የሚባለው የፖስትግሬስ የራሱ ጽዳት እነዚያን አሮጌ፣ የሞቱ ረድፎች ያጸዳል፤ ቦታቸውን ግን ለሚመጣው ረድፍ ያቆየዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለዲስኩ አይመልስም። ለዚያውም የሚነሳው ዘግይቶ ነው፤ ቅንብሩ ካልተነካ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ 200,050 ያህል እስኪሞትበት ይጠብቃል። ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ ለትንተና ብሎ ከጥሬው መረጃ የሚያመነጫቸው ግዙፍ ሠንጠረዦች አሉት። እንደገና ማመንጨት ስለሚቻል ብዙዎች ከባክአፕ ያስቀሯቸዋል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ይብሳል።

ቅጂው በስትሪሚንግ የሚመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ይህ አሠራር የለውጡን ሎግ እየላከ 8 ኪሎባይቷን ገጽ እንዳለች፣ ከነሞተ ረድፏ ቅጂው ላይ ይደግማል። ስለዚህ የመረጃ ፋይሎቹ መቀራረብ አለባቸው። እነሱ ተቀራርበው አጠቃላይ መጠኑ ከተራራቀ፣ ዋናው ሰርቨር ላይ ፒጂ ዋል የሚባለውን ፎልደር ክፈቱ። እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት የሆኑ የሎግ ፋይሎች ተከምረው ታገኛላችሁ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሄዶ መጠባበቂያው ሲቋረጥ፣ ስሎት ከተመደበለት ዋናው ሰርቨር ያልደረሰውን ሁሉ ይዞ ይጠብቀዋል፤ ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ። ከ13ኛው እትም ጀምሮ ለዚህ ጥበቃ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ የሚያበጀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

እነዚያን ፋይሎች በእጃችሁ የምታጠፉ፣ እባካችሁ ተዉ! ዳታቤዙ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። መጠባበቂያው የሚመለስ ከሆነ መስመሩን ጠግኑለት፤ የማይመለስ ከሆነ ስሎቱን ሰርዙ፣ ሎጉን ፖስትግሬስ ራሱ ያነሳዋል። የሞቱት ረድፎች የያዙትን ቦታ ለዲስኩ የሚመልሰውን ቫኪውም ፉልንም በሥራ ሰዓት አትጥሩት። ሠንጠረዡን ቆልፎ እንደ አዲስ ስለሚጽፈው ሪፖርት የሚያስገባው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጽፎ እስኪጨርስም ተጨማሪ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ዲስኩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሚሞከር ነገር አይደለም።