ማከሬሉ የማን ነው? የሰሜን አትላንቲክ ደሴቶች ትብብርና ያልተቋጨው የዓሣ ክፍፍል

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የአይስላንድ ሦስት ታላላቅ ባንኮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተንኮታኮቱ። ሀብታሞቹ መንግሥታት ለአይስላንድ ለማበደር ቅድመ ሁኔታ ሲደረድሩ፣ የሕዝባቸው ቁጥር 50 ሺህ እንኳ የማይሞላው የፋሮ ደሴቶች 300 ሚሊዮን የዴንማርክ ክሮነር አውጥተው አበደሯት። ገንዘቡ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ቢከፋፈል፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል፣ በነፍስ ወከፍ ከ6 ሺህ ክሮነር በላይ ይደርሳል። ለትንሽ ሕዝብ ከባድ ውለታ ነው። ሆኖም ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2014 መጋቢት፣ ያቺው ፋሮ ማከሬል የተባለውን ዓሣ ለመከፋፈል ከአውሮፓ ኅብረትና ከኖርዌይ ጋር ስትፈራረም አይስላንድን ከማዕዱ ውጪ ትታት ነበር።

በችግር ቀን ኪሱን የሚፈታ ጎረቤት ዓሣ ላይ ሲደርስ ለምን ይጨክናል? የሰሜን አትላንቲክ ደሴቶችና የባሕር ዳርቻ ሕዝቦች ትብብር ሲነሳ፣ ስብሰባዎቹና መግለጫዎቹ ሁሉ ዞረው ዞረው የሚያርፉት እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የምንናገረው ስለ አራት አካባቢዎች ነው። ፋሮ 18 ደሴቶች ናቸው፤ ነዋሪዎቿ ዛሬ ከ54 ሺህ በላይ ሆነዋል። ግሪንላንድ ከሁለት ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይዛ የሕዝቧ ቁጥር ወደ 57 ሺህ ብቻ ነው፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚያደርስ የመኪና መንገድም የላትም። ሁለቱም የዴንማርክ መንግሥት አካል ሆነው ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድራሉ፤ ፋሮ ከ1948፣ ግሪንላንድ ከ1979 ጀምሮ። አይስላንድ ነፃ ሀገር ብትሆንም ሕዝቧ 400 ሺህ አይሞላም። አራተኛው የኖርዌይ ምዕራባዊና ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ ነው። ኖርዌይ በነዳጅ የበለጸገች ብትሆንም የዳርቻዋ ቀበሌዎች ኑሮ ከደሴቶቹ ብዙም አይርቅም፦ ብርድ፣ ርቀት፣ ጥቂት ሰው፣ ሰፊ ባሕር።

እነዚህ ሕዝቦች መተባበር አያውቁም ማለት ሐሰት ነው። የኖርዲክ ምክር ቤት የተመሠረተው በ1952 ነው። በ1985 የፋሮ፣ የአይስላንድና የግሪንላንድ ፓርላማዎች የየራሳቸውን ስድስት ስድስት አባላት የሚልኩበት የምዕራብ ኖርዲክ ጉባኤ አቋቋሙ። በ1996 ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ፋሮ ላይ፣ ቶርስሃቭን ከተማ የሆነው የኖርዲክ አትላንቲክ ትብብር፣ በአጭሩ ኖራ፣ ሥራ ጀመረ። ኖራ ቢያንስ ከሁለት ሀገራት የመጡ ሰዎች አብረው ለሚሠሩት ፕሮጀክት በዓመት እስከ 500 ሺህ ክሮነር፣ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ይደግፋል፤ የወጪውን ግማሽ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው መሸፈን አለባቸው። ገንዘቡ ትልቅ አይደለም። ጥቅሙ አንድ የግሪንላንድ ነጋዴና አንድ የኖርዌይ የባሕር አረም አምራች አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ ማድረጉ ነው።

ከዚህም ያለፈ አለ። በ2005 ፋሮና አይስላንድ የፈረሙት የሆይቪክ ስምምነት ሁለቱን ወደ አንድ የኢኮኖሚ ክልል አቀረባቸው። በ2004 ፋሮንና አይስላንድን ከስኮትላንድ ጋር ያገናኘ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመድ ተዘረጋ፤ በ2009 ሌላ ገመድ የግሪንላንድን ዋና ከተማ ኑክን ከአይስላንድና ከካናዳ ጋር አያያዘ። ወደ ግሪንላንድ የሚሄድ ዕቃ ለረጅም ጊዜ በዴንማርኳ አልቦርግ ወደብ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ በቅርብ ያለችውን አይስላንድን እየዘለለ። በ2020 የግሪንላንዱ ሮያል አርክቲክ ላይንና የአይስላንዱ አይምስኪፕ መርከቦቻቸውን በጋራ ማሰማራት ሲጀምሩ ኑክ በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይኪያቪክ በኩል ከዓለም ገበያ ጋር ተገናኘች። አንዲት ደሴት ብቻዋን የማትሞላውን ትልቅ መርከብ ሁለቱ ተጋግዘው ሞሉት። የእነዚህ ትንንሽ ሕዝቦች ዕውቀት ከራሳቸው አልፎ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ከ1979 ጀምሮ ሬይኪያቪክ ላይ በሚሰጠው የከርሰ ምድር እንፋሎት ሥልጠና የኢትዮጵያ ባለሙያዎችም ተምረውበታል።

ልብ ብለን ካየን ግን እነዚህ ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው። ገመድ፣ መርከብ፣ ሥልጠና፣ ገበያ ሲጨመርበት የሚያድግ ነገር ነው፤ አንዱ ሲጠቀም ሌላው አይጎድልበትም። ዓሣ እንዲህ አይደለም። አንዱ ያጠመደውን ሌላው አያገኘውም። የአካባቢው ተቋማት ለመደመር የተሠሩ ናቸው፤ መቀነስና ማካፈል ሲመጣ ግን ሥልጣን የላቸውም። ኖራም ሆነ የኖርዲክ ምክር ቤት የዓሣ ኮታ አይመድቡም።

የዓሣውን ክብደት ለመረዳት የቁጥሩን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። ፋሮ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ከ90 በመቶ የማያንሰው ዓሣና የዓሣ ውጤት ነው። ግሪንላንድ በ1985 ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ የወጣችው በዋናነት ባሕሯን በራሷ እጅ ለማስገባት ነበር። አይስላንድ ከ1958 እስከ 1976 ድረስ ከብሪታንያ ጋር ሦስት ጊዜ በኮድ ዓሣ ተፋጥጣለች፤ የአይስላንድ የጥበቃ ጀልባዎች የእንግሊዞቹን መረብ እየቆረጡ፣ የጦር መርከቦችም እየተጋጩ፣ በመጨረሻ የ200 ማይል የባሕር ክልሏን አስከበረች።

የዓሣ ማለቅ ምን እንደሚመስል ደግሞ በሰሜን አይስላንድ የምትገኘው የሲግሉፍዮርዱር ከተማ ታውቃለች። በሄሪንግ ዓሣ ዘመን ይህች ትንሽ ከተማ በበጋ ወራት በሠራተኛ ትጥለቀለቅ ነበር። ሴቶቹ በወደቡ መድረክ ላይ ተሰልፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓሣውን እየሰነጠቁና ጨው እየነሰነሱ በርሜል ይሞላሉ። አንድ በርሜል በሞላ ቁጥር አንዲት የብረት ምልክት ይሰጣቸዋል፤ እጃቸው ሥራ ስለማይፈታ ምልክቷ የምትከተተው ቦት ጫማቸው ውስጥ ነው፤ ክፍያ የሚታሰበውም በዚያ ነው። ሄሪንግ በአንዳንድ ዓመታት የአይስላንድን የወጪ ንግድ ገቢ ሩብ ያህል፣ ከዚያም በላይ ይሸፍን ነበር። ከዚያም ዓሣ መፈለጊያ መሣሪያና መረብ መጎተቻ ማሽን መጣ። ኖርዌጂያኑ፣ አይስላንዳውያኑ፣ ሶቪየቶቹ ሁሉም አጠመዱ፤ ግልገሉም ከእናቱ ጋር ተጠረገ፤ ባሕሩም በዚያው ሰሞን ቀዘቀዘ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሄሪንጉ ጠፋ። ሥራ ያጡ አይስላንዳውያን ወደ ስዊድንና እስከ አውስትራሊያ ድረስ ተሰደዱ። ዓሣው ተመልሶ በአይስላንድ ባሕር የታየው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ያየ ሕዝብ ማከሬል ላይ ያንኑ ይደግማል ብሎ የሚገምት አይኖርም ነበር።

ማከሬል ቀድሞ ከብሪታንያ፣ ከአየርላንድና ከኖርዌይ ባሕር ብዙም አይርቅም ነበር። ከ2007 ገደማ ጀምሮ ግን ወደ ሰሜንና ምዕራብ ተዘረጋ። የባሕሩ መሞቅ፣ የዓሣው ቁጥር መብዛትና ምግብ ፍለጋ አብረው ይጠቀሳሉ። አይስላንድ በ2006 ወደ 4 ሺህ ቶን ብቻ አጥምዳ ነበር፤ በ2008 ከ110 ሺህ ቶን በላይ ሆነ። ግሪንላንድ የመጀመሪያዋን ማከሬል ያጠመደችው በ2011 ሲሆን፣ በ2014 ይህ አዲስ እንግዳ የወጪ ንግድ ገቢዋን 23 በመቶ ያህል ሸፍኗል። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሲሳይ ከደጅህ ሲደርስ አልፈልግም የሚል መንግሥት የትም የለም።

በ2010 አይስላንድ ለራሷ 130 ሺህ፣ ፋሮ ደግሞ 85 ሺህ ቶን ወሰኑ። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ በስኮትላንድ ፒተርሄድ ወደብ፣ ማከሬል ጭኖ የመጣን አንድ የፋሮ መርከብ የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች ወደቡን ዘግተው ሳያራግፍ መለሱት። በ2013 ደግሞ ፋሮ ከሄሪንግ የነበራትን 5 በመቶ ያህል ድርሻ ወደ 17 በመቶ ስታሳድግ የአውሮፓ ኅብረት ማዕቀብ ጣለባት፤ ሄሪንግና ማከሬሏ የኅብረቱን ወደብ እንዳይረግጥ ከለከለ። ዴንማርክ የኅብረቱ አባል ናት፤ ፋሮ ደግሞ በግዛቷ ሥር ናት። ስለዚህ ዴንማርክ በፋሮ ስም የራሷን ኅብረት በዓለም ንግድ ድርጅት ፊት ከሰሰች። ማዕቀቡ ከዓመት በኋላ ተነሳ።

የክርክሩ ሥር ሁለት ሕጋዊ አመለካከቶች ናቸው። ኖርዌይና የአውሮፓ ኅብረት “ይህን ዓሣ ለአሥርት ዓመታት ስናጠምድ፣ ስናጠናና ስንንከባከብ ኖረናል፤ ድርሻ በታሪክ ይለካ” ይላሉ። አይስላንድና ፋሮ “ዓሣው በባሕራችን እየበላ፣ እየወፈረ ነው፤ ድርሻ ዓሣው ዛሬ በሚውልበት ይለካ” ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዳኛ የሚሆን ሕግ ግን የለም፤ የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ዓሣ የሚጋሩ ሀገራት ለመስማማት “ይጣሩ” ይላል እንጂ ካልተስማሙ ምን እንደሚሆን አይወስንም። ስለዚህ በየዓመቱ በመጸው ልዑካኑ ይሰበሰባሉ፤ በጠቅላላው መጠን ላይ ይስማማሉ፤ ድርሻው ላይ ሲደርሱ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሁሉም አገሩ ገብቶ የራሱን ኮታ ያውጃል። የየራሳቸው ኮታ ሲደመር ሳይንቲስቶች ከመከሩት በላይ ሆኖ ይገኛል። በዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ምክርና በተጠመደው መካከል ያለው ልዩነት ከ2010 ወዲህ እንዲሁ ቀጥሏል።

ገበያው ማስጠንቀቂያውን ሰጥቷል። የዓሣ ምርት ዘላቂነት ማረጋገጫ የሚሰጠው የባሕር ጥበቃ ምክር ቤት በ2012 የማከሬሉን ምስክር ወረቀት አገደ፤ ተመልሶ ቢሰጥም በ2019 ዳግም ታገደ። በ2020 መጨረሻ የሄሪንጉም ተከተለ። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ደግሞ የ2014ቱ ስምምነት በ2020 አብቅቶ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ተከራካሪ ተጨመረ። በ2024 ብሪታንያ፣ ኖርዌይና ፋሮ ሦስቱ ብቻ ተስማሙ፤ የአውሮፓ ኅብረትና አይስላንድ ተቃወሙ።

ጉዳዩ ለምን ከዓሣ በላይ እንደሆነ ፋሮ ትመሰክራለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓሣው ሲያንስና ባንኮቹ ሲወድቁ ከአሥር ነዋሪ አንድ ያህሉ ሀገር ጥሎ ወጣ፤ አብዛኛው ወደ ዴንማርክ። ብዙዎቹ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ በሺህዎች ያነሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹን ለማያያዝ ዋሻ ቆፍረዋል። በ2020 የተከፈተው 11 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኤስቱሮይ ዋሻ፣ ከባሕር ወለል በታች ክብ አደባባይ ያለው፣ ከዋና ከተማዋ የ64 ደቂቃ መንገድን ወደ 16 ደቂቃ አሳጥሯል። በ2023 የሳንዶይ ዋሻ ተከተለ። ከገጠር ተነስቶ ከተማ ሠርቶ ማታ ቤት መመለስ ተቻለ። የዚህ ሁሉ ወጪ መሠረት ግን ዓሣ ነው። ዓሣው ቢጎድል ዋሻው ሰዎችን ወደ አየር ማረፊያው ከማድረስ አልፎ የሚጠቅመው ነገር አይኖርም።

ማካፈል አይቻልም ለሚል ደግሞ ምሳሌው ቅርብ ነው። ኖርዌይና ሩሲያ በባረንትስ ባሕር ያለውን ኮድ ከ1976 ጀምሮ በጋራ ኮሚሽን፣ በእኩል ድርሻ ያስተዳድራሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት፣ ከዚያም በዩክሬን ጦርነት ውስጥ ኮሚሽኑ አልፈረሰም። ኮታው በ2013 አንድ ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ዓሣው ሲያንስ ሁለቱ አብረው እየቀነሱ በ2025 340 ሺህ ቶን ላይ አወረዱት። የሚፈራሩ መንግሥታት የቻሉትን ወንድማማቾቹ ኖርዲኮች አልቻልንም ማለታቸው ሰበብ አይሆንም። በእኔ አመለካከት ልዩነቱ አንድ ነው፤ በባረንትስ ድርሻው አስቀድሞ ተወስኖ አደረ፣ ከዚያ በኋላ ክርክሩ በመጠኑ ላይ ብቻ ሆነ። ማከሬል ላይም መጀመሪያ መወሰን ያለበት ድርሻው ነው፤ ታሪክንም ዓሣው የሚውልበትንም የሚያስገባ፣ ዓሣው ሲዘዋወር በየተወሰነ ዓመቱ የሚከለስ ቀመር። እሱ እስኪገኝ ድረስ የሁሉም ኮታ ድምር ከምክሩ እንዳያልፍ ሁሉም በእኩል መጠን ይቀንስ።

ጊዜው አጥሯል። ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት በ2025 መስከረም ባወጣው ምክር የሚራባው ማከሬል ከጥንቃቄው ወሰን በታች መውረዱን ገልጾ፣ ለ2026 የሚጠመደው ካለፈው ዓመት ምክር በ70 በመቶ እንዲቀንስ ጠይቋል።