ከመብረር በፊት መመዘን፦ የሞዴል አውሮፕላን ሚዛን እንዴት ይጠበቃል?

አህያ የሚጭን አርሶ አደር ገመዱን ከማጥበቁ በፊት ጭነቱን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ያያል። ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ጭነት የአህያዋን ጀርባ ይልጣል፤ ቁልቁለት ላይም ይገለበጣል። ያም ኾኖ በመንገድ ላይ ጭነቱን አውርዶ እንደገና መጫን ይቻላል። በአየር ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለም። ከፎምና ከቀላል እንጨት ተሠርታ በርቀት መቆጣጠሪያ የምትበር ሞዴል አውሮፕላን የክብደት ሚዛኗ የሚስተካከለው መሬት ላይ ሳለች ነው። ይህ ሳይደረግ ከቀረ የሳምንታት ልፋት፣ ለሞተርና ለባትሪ የወጣ ገንዘብም ጭምር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊወድም ይችላል።

የነገሩ ቁልፍ የስበት ማዕከል የሚባለው ነጥብ ነው። ዱላን በአንድ ጣት ላይ አጋድመን ወዲያና ወዲህ ብናንሸራትተው፣ ወደ የትኛውም ጫፍ ሳያዘነብል የሚቆምበት አንድ ቦታ እናገኛለን። ክብደቱ ሁሉ በዚያ ነጥብ ላይ እንደተሰበሰበ ተደርጎ ይታሰባል። አውሮፕላንም እንዲሁ የራሷ ነጥብ አላት። ነጥቡ በክንፏ ላይ የሚያርፍበት ቦታም የበረራዋን ጠባይ ይወስናል።

ነጥቡ በበቂ መጠን ወደ ፊት ከኾነ፣ ድንገተኛ ነፋስ አፍንጫዋን ሽቅብ ቢያነሳው በክንፏና በጅራቷ ላይ የሚፈጠረው ተጨማሪ የማንሳት ኃይል ከነጥቡ በስተኋላ ያርፋል። ስለዚህ ጅራቷ ይነሳል፤ አፍንጫዋም በራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክብደቱ ወደ ጅራት ካጋደለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተጨማሪው ኃይል ከነጥቡ ፊት ስለሚያርፍ የተነሳውን አፍንጫ ይበልጥ ያነሳዋል። አውሮፕላኗ ሽቅብ ትወጣለች፤ ፍጥነቷን ታጣለች፤ በመጨረሻም ክንፏ ሊሸከማት ያቅተውና ትወድቃለች።

አፍንጫዋ ከመጠን በላይ የከበደ አውሮፕላንም ችግር አለባት። ለመነሳት ትለግማለች፤ ስታርፍም በፍጥነት ነው። ኾኖም ይህኛው ጉድለት አብራሪው እንዲያርም ጊዜ ይሰጠዋል። በሙያው ሰዎች ዘንድ የቆየ አባባል አለ፤ አፍንጫዋ የከበደ አውሮፕላን በደንብ አትበርም፣ ጅራቷ የከበደ ግን አንዴ ብቻ ትበራለች።

የበረራ ፈር ቀዳጆችም ይህን የተማሩት በፈተና ነው። ወንድማማቾቹ ዊልበርና ኦርቪል ራይት እ.አ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ያበረሩት አውሮፕላን የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ያጋደለ ነበር። በዚያ ቀን ከተደረጉት አራት በረራዎች የመጀመሪያው 12 ሰከንድ፣ ረጅሙ ደግሞ 59 ሰከንድ የቆዩ ሲኾን፣ አውሮፕላኑ ሽቅብና ቁልቁል እየዋለለ አብራሪዎቹን እጅግ አስቸግሯቸዋል። በቀጣዩ ዓመት በሠሩት አውሮፕላን ሚዛኑን ወደ ፊት ለመሳብ ከፊት በኩል የብረት ክብደት እስከ መጨመር ደርሰዋል።

ሚዛኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማስመሪያ፣ እርሳስና ሁለት ጣቶች ይበቃሉ። በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪውም ኾነ ሌላው ዕቃ ሁሉ በበረራ ጊዜ በሚኾንበት ቦታ ይቀመጣል። ባትሪዋ ሳይገባ የተመዘነች አውሮፕላን ሐሰተኛ መልስ ትሰጣለች። ቀጥሎ የክንፉ ስፋት ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ይለካል። ቀጥ ያለ ክንፍና ከኋላ ጅራት ላላት የተለመደች አውሮፕላን ነጥቡ ከፊት ጠርዙ ተነስቶ ከስፋቱ ከ25 እስከ 33 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ መኾን አለበት። ክንፉ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ይህ ከ5 እስከ 6 ነጥብ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ለመጀመሪያ በረራ ወደ 5 የቀረበውን መምረጥ ይበጃል። አምራቹ የሰጠው ልክ ካለ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

በክንፉ ሥር ግራና ቀኝ ምልክት ተደርጎ አውሮፕላኗ ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ በሁለት ጣቶች ጫፍ ትነሳለች። አግድም ከቆመች ወይም አፍንጫዋን ጥቂት ከደፋች መልካም ነው። ጅራቷ ከወረደ ግን ሳትስተካከል መብረር የለባትም።

ለማስተካከል የመጀመሪያው ርምጃ ክብደት መጨመር ሳይኾን ባትሪውን ማንቀሳቀስ ነው። ለምሳሌ ከነጥቡ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ጅራት ላይ ያለ 10 ግራም ትርፍ ክብደት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ባለው አፍንጫ 20 ግራም ማካካሻ ይፈልጋል። 200 ግራም የሚመዝን ባትሪን 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋት ግን አንድም ግራም ሳይጨመር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይህ ስሌት ጅራት ላይ የሚለጠፍ ሙጫና ቀለም ለምን መቆጠብ እንዳለበትም ያሳያል።

የግራና የቀኝ ሚዛንም አይዘነጋም። አውሮፕላኗ ከአፍንጫዋና ከጅራቷ መሐል ለመሐል ተይዛ ስትነሳ አንደኛው ክንፍ ደጋግሞ ካዘነበለ፣ በሌላኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት ይለጠፋል። ውልብልቢቱም ከሞተሩ ወጥቶ በቀጭን ዘንግ ላይ ሲሰቀል ሁልጊዜ አንዱ ምላጭ የሚወርድ ከኾነ፣ የከበደው ምላጭ ጀርባ በአሸዋ ወረቀት በስሱ ይሞረዳል። ያልተመዛዘነ ውልብልቢት በሚያሽከረክረው ፍጥነት ሁሉ አካሏን ያንቀጠቅጣል፤ ብሎኖችንም ያላላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባትሪው እንዳይንሸራተት በማሰሪያ ይጠበቃል፤ የተቀመጠበት ቦታም በእርሳስ ይሰመርበታል። የመጀመሪያው በረራ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ከሰውና ከከብት በራቀ ገላጣ ሜዳ፣ በአካባቢው የሚያስፈልገው ፈቃድ ተይዞ ሊደረግ ይገባል። የወደቀች አውሮፕላን ትጠገናለች፤ ከሥሯ የቆመ ልጅ ግን ጉዳቱ በሙጫ አይጠገንም። አምስት ደቂቃ የማይፈጀው ምዘና ሁለቱንም ያድናል።