ለመንጠቆ የሚመጣው የትኛው ዓሣ ነው? የጣና ዓሦች አበላልና የማጥመድ ሳይንስ

ሁለት ሰዎች በአንድ ጀልባ ወጥተው፣ በአንድ ሐይቅ ላይ መንጠቆ ጥለው፣ አንዱ አምባዛ ሌላው ባርበስ ይዞ ቢመለስ ነገሩን ለዕድል መስጠት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ዓሣ ወደ መንጠቆ የሚመጣው በዕድል ሳይሆን በአፉ፣ በዓይኑና በጢሙ አሠራር ነው። በዚህ ጽሑፍ ጣናን ምሳሌ አድርገን ሁለት የማጥመጃ ዘዴዎችን እንመለከታለን፤ ምግብ ሰክቶ መጠበቅንና ማማለያን ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ መሄድን። ከዚያም ጉዳዩ ከአጥማጁ እራት አልፎ የአንድ ብርቅ የዓሣ ቤተሰብ ህልውና የሚሆነው ለምን እንደሆነ እናያለን።

ሐይቁና ነዋሪዎቹ

ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ከፍተኛው ደግሞ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሐይቁን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቷቸው ኖሯል። ለገበያ የሚቀርቡት በዋነኛነት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ትልልቆቹ ባርበሶች። ሦስቱም በአንድ ውኃ ይኑሩ እንጂ አበላላቸው እጅግ የተለያየ ነው።

በሽታ የሚመጣ፣ ፈጽሞ የማይመጣ

አምባዛ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢሞች አሉት። ጢሞቹ በጣዕም ሕዋሳት የተሞሉ ስለሆኑ ዓሣው በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ሳይቀር ምግቡን እየዳሰሰና እየቀመሰ ያገኛል። የመሬት ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ በመንጠቆ ተሰክቶ ወደ ሐይቁ ወለል ሲወርድ፣ ከምግቡ የሚወጡት ሞለኪውሎች በውኃው ውስጥ ይሰራጫሉ፤ አምባዛም የሽታውን ፈለግ ተከትሎ ይደርሳል። ለእርሱ የሚያጠምድ ሰው መንጠቆውን ባያንቀሳቅስ ይመረጣል፤ ከቀን ይልቅም ሌሊት ይቀናዋል።

ቆሮሶ ግን ከዚህ ይለያል። ካደገ በኋላ በብዛት የሚመገበው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቃ ዋቅላሚዎችን ነው። በዓይን የማይታይ ነገር አጣርቶ የሚበላ ዓሣ በመንጠቆ ላይ ያለ ትል ብዙም አይማርከው። አልፎ አልፎ ሊጥ ወይም ትል ቢወስድም ቆሮሶ በብዛት የሚያዘው በመረብ ነው።

የሚሸሸውን የሚያሳድዱት

ባርበሶቹ የጣና ልዩ ሀብት ናቸው። ተመራማሪዎች 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ ከእነዚህም ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን አዳኝ ናቸው። ከአዳኞቹ አንዱ ‹‹መጋስቶማ›› ይባላል፤ ትርጉሙም ‹‹ባለ ትልቅ አፍ›› ማለት ነው። የሚያስገርመው ባርበሶች እንደ ካርፕ ዘመዶቻቸው በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ያደኑትን ነክሶ መያዝ ስለማይችሉ በፍጥነት ደርሰው ይውጡታል፤ የጉሯቸው መተላለፊያም ጠባብ በመሆኑ ትናንሽ ዓሦችን ይመርጣሉ።

እንግዲህ ማማለያን እየጎተቱ ማጥመድ የሚሠራው ለእነዚህ ነው። የምታብለጨልጭ ትንሽ የብረት ማንኪያ ወይም የዓሣ ቅርጽ ያላት ማማለያ በውኃ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ የምትሸሽ ትንሽ ዓሣ ትመስላለች። አዳኙ በዓይኑ ያያታል፤ በሰውነቱ ጎን ባለው የስሜት መስመርም የውኃውን ንዝረት ያውቃል። በክረምት ወንዞች ደለል አምጥተው ሐይቁን ሲያደፈርሱት ግን እይታው ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የሽታ ምግብ ከምታብለጨልጭ ማንኪያ ይሻላል።

ፊዚክስም ድርሻ አለው። የጀልባው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ውኃው በክሩና በማማለያው ላይ የሚያሳርፈው ጉተታ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የእርሳሱ ክብደት ግን ያው ነው። ስለዚህ በእርሳስ የሰመጠ ማማለያ ጀልባው ሲፈጥን ወደ ላይ ይነሳል፤ ሲዘገይ ይሰምጣል። ከፊቱ ዘንበል ያለ ምላስ ያለው ማማለያ ደግሞ የውኃው ግፊት ቁልቁል ስለሚገፋው ሲጎተት ይጠልቃል። እንደ ጣና ባለ ጥልቀቱ አነስተኛ ሐይቅ የጥቂት ሜትሮች ልዩነት አዳኙን አልፎ መሄድ ወይም ማማለያውን ከወለሉ ጋር ማጣበቅ ማለት ነው።

ረሃብን የሚጠይቅ፣ መንገድን የሚዘጋ

ከላይ ያየነው ሁሉ አንድ ነገር ያስረዳናል። መንጠቆ የሚይዘው የተራበውን፣ ያውም መብሉ ከቀረበለት ነገር የሚስማማውን ዓሣ ነው። መረብ ግን ረሃብን አይጠይቅም፤ የሚያልፈውን ሁሉ በአካሉ ውፍረት ብቻ ይመርጣል።

ይህ ልዩነት በባርበሶች ላይ ከባድ ውጤት አስከትሏል። ቢያንስ ሰባት የባርበስ ዝርያዎች በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ውስጥ፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ወደ ወንዞቹ ከመግባታቸው በፊት በአፋቸው ላይ ይሰበሰባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ሲገባ፣ ቀድሞ የደንገል ታንኳ የማይደርስበት ሁሉ ተደረሰበት፤ መረቡም በመራቢያ ወቅት በወንዞች አፍ ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተመሳሳይ ልፋት የሚያዘው ባርበስ በክብደት በ75 በመቶ ገደማ፣ የታዳጊዎቹ ቁጥር ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ መቀነሱን ጥናት አሳይቷል። ታዳጊ ሲጠፋ የነገው ትውልድ ጠፋ ማለት ነው።

ስጋቱ ባዶ አይደለም። በፊሊፒንስ የላናዎ ሐይቅም እንዲሁ የራሱ የካርፕ ቤተሰብ ዝርያዎች ነበሩት። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ልቅ የሆነ ማጥመድ ተባብረው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሐይቁ ብርቅ ዝርያዎች 15ቱ መጥፋታቸው ታወጀ። የጣና ባርበሶች እንዲህ ካሉት የዓሣ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ከተረፉት ዋነኛው ናቸው።

መንጠቆም ንጹሕ አይደለም፤ የሚመርጠው አዳኞቹን፣ ማለትም በቁጥር አነስተኛ የሆኑትን ነውና። ስለዚህ በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ትልቁን አዳኝ ባርበስ ለመልቀቅ ቢወስን እጁን ያርጥብ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን መከላከያ ልጋግ ይገፍፋል። ኋላ ቀንድ የሌለው መንጠቆ ቶሎ ይነቀላል፤ ዓሣው ከውኃ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ባጠረ መጠንም የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ግን በክረምት የወንዞችን አፍ ከመረብ ነፃ ማድረግ ይበልጣል።

በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ሐይቅ ዳር የምትኖሩ ተማሪዎች በቀጣዩ ዕረፍታችሁ ወደ ዓሣ ማራገፊያ ወርዳችሁ የአንድ ዓሣ አፍ ከፍታችሁ ተመልከቱ። አፉ ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ፊት? ጢም አለው? በሆዱስ ምን ተገኘ? መልሱን በጻፋችሁ ጊዜ ዓሣው በየትኛው መንጠቆ እንደሚያዝ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲቀጥል ምን እንደሚያስፈልገውም ማወቅ ትጀምራላችሁ።